የምትፈሪው ጨረቃን ነው ወይስ ጨረቃን የፈጠረውን?

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት ተስተካክሎ የቀረበ)

 

ዛሬ የምናገረው ከአንድ ደብዳቤ ተነሥቼ ነው። የላከችው እህት እንድናገረው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። የምትሠራው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩን ታውቁታላችሁ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር ስንት ልጆች መጥተው ስፌት መኪና ላይ ተቀምጠዋል! ይህችም እህት ከአርሲ መጥታ ኦፕሬተር ሆና ነው የምትሠራው፤ ከሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች።

ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ጤና ጣቢያ ኪኒን ጀምረውላት ነበርና ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ደኅና ሆና ቆየች። አዳማ መጥታ ሥራ ከጀመረች በኋላ ግን አንድ ሌሊት እቤቷ ወደቀች። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ደነገጡ። ክብሪት ጭረው አሸተቷት። በማግሥቱ የቤት አከራይዋ እትዬ፣ በክፋት ሳይሆን በአዘኔታ፣ «ልጄ፣ ይሄ የሐኪም አይደለም» ብለው አዋቂ ቤት ወሰዷት።

አዋቂው ስሟን ጠየቀ፤ የእናቷን ስም ጠየቀ፤ ቆጠረ። ከዚያ «ስትወድቂ ጨረቃዋ እንዴት ነበረች?» አላት። እሷ ምን ታውቃለች? ከሥራ ደክማ ገብታ የተኛች ልጅ ሰማይ አላየችም። «እኔ ልንገርሽ፣ ጨለማ ነበረች። ያንቺ ነገር ከጨረቃ ጋር የሚነሣ ነው። ጨረቃ በተወለደች ቁጥር ገብስማ ዶሮ ይዘሽ ትመጫለሽ። ኪኒኑንም ተዪው፤ ኪኒን ያስቆጣቸዋል» አላት። አምስት ወር ተመላለሰች፤ ዶሮ፣ ሽቶ፣ ከደመወዟ ላይ ደግሞ ብር።

በዚህ መካከል በሥራ ቦታ አጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት አማኝ ልጅ ወንጌል ነገረቻትና ጌታን ተቀበለች። ሃሌሉያ! ደብዳቤዋ ግን እንዲህ ይላል፤ «ፓስተር፣ እኔ ጌታን ተቀብያለሁ። አዋቂው ቤት መሄድም አቁሜያለሁ። ነገር ግን ጨረቃዋ ልትጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀራት እንቅልፍ አይወስደኝም። ካቋረጥሽ ትሞቻለሽ ብሎኛል። እባክዎ ይንገሩኝ፣ ጨረቃ በእኔ ላይ ሥልጣን አላት ወይ?»

ወገኖቼ፣ ይህ የእሷ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እሑድ እሑድ እጃችንን አንሥተን እየዘመርን፣ በልባችን ጓዳ ግን «ዛሬ ቀኑ አይደለም፣ ጨረቃዋ ጥሩ አይደለችም» የምንል ስንቶች ነን? እስቲ በእግዚአብሔር ቃል ፊት እንቀመጥ።

ጨረቃ ምንድን ናት?

ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ከቁጥር 14 ጀምሮ አንብቡ። እግዚአብሔር በአራተኛው ቀን ሁለት ታላላቅ ብርሃናትን እንደ ፈጠረ ይነግረናል። ልብ በሉ፣ እዚያ ላይ ፀሐይና ጨረቃ በስማቸው እንኳ አልተጠሩም። በዙሪያው ያሉ አሕዛብ ለፀሐይና ለጨረቃ ይሰግዱ ነበርና፣ ሙሴ ታላቁ ብርሃን፣ ታናሹ ብርሃን ብሎ ብቻ አለፋቸው። የቤታችሁን አምፖል ትሰግዱለታላችሁ? አትሰግዱለትም። ታበሩታላችሁ፤ ይሠራላችኋል። ጨረቃም የተሰቀለች መብራት ናት። ለዚያውም የራሷ ብርሃን የላትም፤ የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ነው የምታሳየን።

«ታዲያ ለምን ትወለዳለች፣ ትሞላለች፣ ትጎድላለች?» ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ነገር ሞክሩ። በአንድ አምፖል ብቻ በበራ ክፍል ውስጥ ቁሙ። አንድ ብርቱካን ይዛችሁ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ከራሳችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ፊታችሁን ወደ አምፖሉ ስታዞሩ ወደ እናንተ ያለው የብርቱካኑ ጎን ጨለማ ነው፤ ጨረቃ ጠፋች የምንለው ይህ ነው። ብርቱካኑን እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ በቁማችሁ ስትዞሩ በመጀመሪያ ቀጭን ማጭድ ይታያችኋል፤ ከዚያ ግማሽ፤ ጀርባችሁን ለአምፖሉ ስትሰጡ ደግሞ ሙሉ። ብርቱካኑ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? አልጨመረም አልቀነሰም። ጨረቃም እንዲሁ ናት። አትሞትም፤ አትወለድም። ከአንዱ መባቻ እስከሚቀጥለው 29 ቀን ከግማሽ ገደማ ይሆናታል፤ እግዚአብሔር በሠራላት መንገድ ላይ ትዞራለች፤ አንድ ወር እንኳ ቀርታ አታውቅም። ኤርምያስ ምዕራፍ 31 ቁጥር 35 ላይ እግዚአብሔር የጨረቃን ሥርዓት የሰጠ እርሱ እንደ ሆነ ይናገራል። ሥርዓት የተሰጠው ደግሞ ታዛዥ ነው፤ ገዢ አይደለም።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ ታስታውሳላችሁ? ደመና ያልጋረዳችሁ አይታችኋል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ጨረቃ ደም መስላ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየች። አንዳንዱ በጣም ፈራ። ግን ያ ማታ ቀኑና ደቂቃው ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። ምድራችን በፀሐይና በጨረቃ መካከል ገብታ ጥላዋን ጣለችባት፤ ጥላው አለፈ፤ ጨረቃዋም እንደ ነበረች ሆነች። ኤርምያስ ምዕራፍ 10 ቁጥር 2 አሕዛብ የሰማይን ምልክት እንደሚፈሩ እናንተ አትፍሩ የሚል ትእዛዝ የሰጠን በከንቱ አይደለም።

በጨረቃ ዘመን መቁጠር ኃጢአት አይደለም። እስራኤል መባቻን ያከብሩ ነበር። በአገራችን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዓላትን ሲያወጡ ጨረቃን ይቆጥራሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳንን በጨረቃ ይጀምራሉ። የቦረና አያንቱዎች ወራቸውን በጨረቃና በከዋክብት ይለያሉ። መዝሙር 104 ቁጥር 19ም ጨረቃ ለጊዜያት እንደ ተሠራች ይናገራል። መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ መፍራት ሌላ ነው። ሰዓት አይቶ ሥራ መግባት ደኅና ነው፤ ለሰዓቱ ዶሮ ማረድ ግን እብደት ነው።

አዋቂው ጨረቃን ለምን ይወዳታል?

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 47 ቁጥር 13ን አንብቡ። ባቢሎን ሰማይን እያዩ በየመባቻው የሚሆነውን እንናገራለን የሚሉ አዋቂዎች ነበሯት። እግዚአብሔር «እስቲ ይቁሙና ያድኑሽ» ብሎ ዘበተባት። ባቢሎን የታለች? አዋቂዎቿስ?

በእኛም አገር ዐውደ ነገሥት ገልጠው የሰውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ደምረው፣ በአሥራ ሁለት ገድፈው፣ «ኮከብህ ሐመል ነው፣ ኮከብሽ ሰርጣን ነው» የሚሉ አሉ። ስኒ ገልብጠው የሚያዩ አሉ፤ ሞራ የሚገልጡ አሉ። ጨረቃን ግን ለየት አድርገው ይወዷታል። ለምን? ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጨረቃ ቀጠሮ አታዛባም። «ስትታመሚ ነይ» ቢልሽ ደኅና ስትሆኚ ትቀሪበታለሽ። «ጨረቃ በተወለደች ቁጥር ነይ» ካለሽ ግን በየወሩ ዶሮው አይቀርበትም። ደመወዝ በየወሩ ነው፤ ጨረቃም በየወሩ ናት።

ሁለተኛ፣ ጨረቃ ሰበብ ትሆነዋለች። ያለው ካልሆነ «አሳልፈሽ መጣሽ፣ አንድ ቀን ቀድመሽ መጣሽ» ይላል። ጥፋቱ ሁልጊዜ ያንቺ ነው፤ የእሱ ሆኖ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ልባችን የገጠመውን ያስታውሳል፤ ያልገጠመውን ይረሳል። በጨለማ ሌሊት ከወደቅሽ «ይኸው፣ ብሎኝ ነበር» ትያለሽ። በሌላ ቀን ከወደቅሽ ማን ሰማይ ያያል? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ሌላው ያለውን ተቀብለን በፍርሃት እንታነቃለን።

ለእህታችን ደወልኩላት። «ልጄ፣ የወደቅሽባቸውን ቀኖች ታውቂያቸዋለሽ?» አልኳት። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ቀኑን ጻፊ ብላት ስለነበር ካርዷ ጀርባ ላይ ጽፋቸዋለች። አዳማ ከመጣች ወዲህ ሰባት ጊዜ ወድቃለች። አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ እኔም መቁጠሪያ ይዤ የእያንዳንዱን ቀን የጨረቃ ዕድሜ ቆጠርኩ። ጨረቃ በጠፋችበት ሰሞን የሆነው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ወዲህና ወዲያ ተበታትነዋል። ያ የመጀመሪያው ሌሊት፣ አዋቂው «ጨለማ ነበረች» ያለው፣ ስንቆጥረው ጨረቃዋ ልትሞላ ሁለት ቀን የቀራት ሌሊት ሆኖ ተገኘ! ውጭ ወጥታ ብታይ ኖሮ ደጁ ሁሉ በጨረቃ በርቶ ነበር። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባላል፤ ይኼኛው ቀና ብሎ ሰማይ ማየትም አልቻለም።

«እስቲ ደግሞ ሌላ ነገር እንይ፤ ከየቀኑ በፊት ምን ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። የመጀመሪያው፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ሠርታ ቀን ቀን በጫጫታ ምክንያት ሳትተኛ የቀረች ጊዜ ነው። የቀሩት ስድስቱ በሙሉ ኪኒኑን ካቆመች በኋላ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንቅልፍ ሲያጣና መድኃኒት ሲያቋርጥ እንደሚነሣበት ሐኪሞች ይናገራሉ። በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። «ፓስተር፣ እኔ ጨረቃ ጨረቃ ስል…» አለችኝ።

መንፈሱስ የለም ወይ?

አንዳንዳችሁ «ፓስተር፣ ታዲያ አጋንንት የሉም ልትለን ነው?» ትላላችሁ። አይደለም! የጥንቆላ መንፈስ አለ። ዘዳግም ምዕራፍ 18 ከቁጥር 10 እስከ 12 ምዋርተኛ፣ አስማተኛ፣ ሙታን ሳቢ ዘንድ መሄድን እግዚአብሔር እንደሚጸየፈው ይናገራል። ባዶ ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይከለክልም ነበር። አዋቂ ቤት የሚከፈለው ዶሮና ብር ብቻ አይደለም፤ ልብ ይከፈላል፤ ፍርሃት ተገዝቶ ይመጣል። ሰይጣን ጨረቃ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ፍርሃትሽ ነው። ጨረቃዋን የሚያሳይሽ እግዚአብሔርን እንዳታዪ ነው።

ማቴዎስ ምዕራፍ 17 ከቁጥር 14 ጀምሮ አንድ አባት ልጁን ይዞ ወደ ኢየሱስ መጣ። ልጁ ብዙ ጊዜ እሳት ውስጥና ውኃ ውስጥ ይወድቅ ነበር። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን በጨረቃ የሚነሣበት ይለዋል፤ በግሪኩም ቃሉ ከጨረቃ ስም የመጣ ነው። በዚያን ዘመን ሰው ሁሉ በሽታውን የሚጠራው እንዲያ ነበርና። አሁን ኢየሱስ ምን እንዳደረገ እዩ። ጨረቃን ገሠጸ? አልገሠጸም። መባቻን ጠበቀ? አልጠበቀም። አባትየውን «ስንተኛዋ ሌሊት ናት?» ብሎ ጠየቀው? አልጠየቀውም። ርኩሱን መንፈስ ገሠጸ፤ ልጁ በዚያው ሰዓት ተፈወሰ። ለኢየሱስ ሁሉም ሌሊት አንድ ነው። አሜን በሉ!

ደግሞ ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ቁጥር 24ን እዩ። ወደ ጌታ የመጡት በሽተኞች ሲዘረዘሩ አጋንንት ያደረባቸው ለብቻቸው፣ ይህ የጨረቃ በሽታ የተባለው ያለባቸው ለብቻቸው፣ ሽባዎችም ለብቻቸው ተጠርተዋል። ስለዚህ የሚወድቅ ሁሉ አጋንንት ያደረበት ነው አንልም። መለየት ያስፈልጋል። መለየት ባለመቻላችን ሰው ጎድተናል።

የእኔ ኃጢአት

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራሴ ልናገር። አገልግሎት በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወጣት እንደዚህች እህት የሚጥለው በሽታ ይዞት መጣ። ጸለይኩለት። ከዚያ በሙሉ ድምፅ፣ በጉባኤ ፊት፣ «ካመንክ ኪኒኑን ጣለው» አልኩት። ጣለው። ጉባኤው እልል አለ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ቤት ውስጥ ብቻውን እያለ ከሰል ላይ ወደቀ። ቀኝ እጁ ተቃጠለ፤ ጣቶቹ እስከ ዛሬ አይታጠፉም።

ወገኖቼ፣ አዋቂው «ኪኒኑን ተዪው፣ ያስቆጣቸዋል» አለ። እኔ «ኪኒኑን ጣለው፣ ካመንክ» አልኩ። እሱ በጨረቃ ስም፣ እኔ በጌታ ስም። የማን ጥፋት ይበልጣል? እኔ መልሱን አውቄዋለሁ። ወጣቱ ቤት ሄጄ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ይቅርም ብሎኛል። ያንን እጅ ባየሁ ቁጥር ግን እግዚአብሔር ያስተምረኛል።

እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ሲፈውስ አይቻለሁ፤ ወደፊትም እጸልያለሁ። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ሊፈውሰው ቃል ገብቶለት ሳለ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ፤ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ቁጥር 7ን አንብቡ። ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስ ግን ሙያህን ተው አላለውም። ጸሎትና ኪኒን ጠበኞች አይደሉም። እግዚአብሔር የፈወሰውን ሐኪሙ መርምሮ ራሱ ያረጋግጥለታል፤ ኪኒኑንም በሥርዓት የሚያስቆመው እሱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አዋቂ ቤት የሄዳችሁ፣ በኢየሱስ ስም ተመለሱ። ክታብ፣ ጨሌ፣ የተሰጣችሁ ነገር ካለ አትደብቁት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ቁጥር 19 ላይ የኤፌሶን አማኞች የአስማት መጻሕፍታቸውን በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋው ሲታሰብ አምሳ ሺህ ብር ሆነ። ከሸጥነው እንጠቀማለን አላሉም። ብቻችሁን አታድርጉት፤ አጥቢያችሁ ያሉ ሽማግሌዎች አብረዋችሁ ይቁሙ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ቤተሰብ ያላችሁ፣ አትደብቁት። ሲወድቅ ክብሪት አታሽትቱት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፤ ይዛችሁ አታስጨንቁት። እሳትና ስለት አርቁለት፣ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት፣ እስኪነቃ አጠገቡ ሁኑ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየበት ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ። የአማኝ ቤት ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ እያደረጋችሁ ጸልዩ።

አብራችሁ የምትሠሩ፣ አንድ ክፍል የምትካፈሉ ልጆች፣ የታመመችውን አትሽሹአት። አዋቂ ቤት የሚወስዳት ሰው ሲገኝ፣ ጤና ጣቢያ የሚወስዳት አማኝ ለምን ይጠፋል?

ያቺ ሌሊት

የእህታችን ነገር እንዴት ሆነ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ጤና ጣቢያ አብራት ሄደች፤ መድኃኒቷን እንደገና ጀመሩላት። ቀጥሎ ጨረቃዋ የምትጠፋበት ሌሊት ሲደርስ የጸሎት ኅብረቱ እህቶች እቤቷ ተሰበሰቡ። «ሙሉ ሌሊት እናድራለን» አሉ። እኔ ግን «አይሆንም፤ ለእሷ እንቅልፍ ማጣት ጠላት ነው። ጸልዩላትና ትተኛ» አልኳቸው። መዝሙር 121 ቁጥር 6ን አነበቡላት፤ እግዚአብሔር ጠባቂዋ ስለሆነ ፀሐይ በቀን፣ ጨረቃም በሌሊት አይጎዷትም። ደግሞ በዚያው መዝሙር ጠባቂዋ እንደማይተኛ ተጽፏል። እሱ ካልተኛ እሷ ምን አስነቃት? ተኛች። ጠዋት ሰርቪስ እስኪያመልጣት ድረስ ተኛች!

ከዚያ ወዲህ ጨርሳ አልወደቀችም ብላችሁ እንድታስቡ አልፈልግም። አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀትር በኋላ። ስትነቃ ያለችው ግን ደስ ይላል። «የኔ ጌታ ቀንም ያውቀኛል» አለች። ሕመሟ ገና ሙሉ በሙሉ አልተወገደም ይሆናል፤ ፍርሃቷ ግን ተሰብሯል። ዛሬ ማታ ደጅ ወጥታ ጨረቃን የምታየው ቀጠሮ ለመቁጠር አይደለም፤ አባቷ የሰቀለውን መብራት ለማየት ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንቺስ? አንተስ? ቆላስይስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 15 ኢየሱስ በመስቀሉ ሥልጣናትን ገፎ ድል እንደ ነሣቸው ይናገራል። ድል የተነሣን ፈርተህ እስከ መቼ ዶሮ ትገዛለህ? ዛሬ ተመለስ። ይህን ጸሎት ከልብህ አብረኸኝ ጸልይ፤

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ከአንተ ሌላ ረዳት ፈልጌ ሄጃለሁና ይቅር በለኝ። አዋቂ ቤት ያደረግሁትን፣ የተናገርኩትን፣ የተቀበልኩትን ሁሉ በስምህ እክዳለሁ። ሰማይንና ምድርን፣ ፀሐይንና ጨረቃን የፈጠርክ አንተ ነህ። ስለ እኔ እንደ ሞትክና እንደ ተነሣህ አምናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቀኔም ሌሊቴም ያንተ ነው። ከፍርሃት ነጻ አውጣኝ። አሜን።

ይህን ከልብህ ከጸለይክ ብቻህን አትቅር። በአቅራቢያህ ያለች አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሂድ፤ ለአገልጋዮቹ ንገራቸው። ይህንንም ጽሑፍ አንብበህ ስትጨርስ አትጣለው፤ ጨረቃ ስትጠፋ እንቅልፍ ለሚያጣ ጎረቤትህ ስጠው።

ጸጋውና ሰላሙ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።